ሁሉም እጁን የሚዘረጋበት ገበታ

ደሴ ላይ እንግዳ የሚጠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማን ማን እንደሚመጣ ነው። ከዚያ ቀኑን ያያል። ረቡዕ ነው ወይስ ዓርብ? ጾም ገብቷል? ረመዳን ነው? ሥጋው ከየትኛው ሉካንዳ ይምጣ? ድስቱስ የማን ይሁን? ሽንኩርት መላጥ የሚጀመረው ይሄ ሁሉ ከታሰበ በኋላ ነው። ወሎ ያደገ ሰው ይሄን ማንም አስቀምጦ አላስተማረውም። እናቱ ስታደርገው እያየ ነው ያደገው።

ሻርኩተሪ ቦርድ የሚባለውን ነገር ቤቴ ውስጥ ማዘጋጀት ስጀምርም የተነሳሁት ከዚሁ ጥያቄ ነው። ማን ይመጣል?

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። ሻርኩተሪ የፈረንሳዮች ሙያ ነው። ሥጋን በጨው፣ በጭስ፣ በማድረቅና በማብሰል አቆይቶ መሸጥ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ሙያው የራሱ ማኅበርና ደንብ ነበረው። ዋናው ሥጋ የአሳማ ነው። ዛሬ ስሙ ሰፍቷል። በአንድ የእንጨት ሰሌዳ ላይ የደረቀ ሥጋ፣ ፎርማጆ፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ ማርና ደረቅ ብስኩት አብሮ ሲደረደር ሻርኩተሪ ቦርድ ይባላል። ኢንስታግራም ወይም ቲክቶክ የሚከፍት ሰው ሳያየው አይቀርም። ጨዋማውና ጣፋጩ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሰው እያወራ ከዚህም ከዚያም ትንሽ ትንሽ ያነሳል።

እኔን የሳበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ከአንድ ዕቃ ብዙ እጅ። እኛ ይሄን ከማንም አልተማርንም። በመሶብ ዙሪያ ተቀምጠን ነው ያደግነው። እዚሁ ደሴ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አይጠየፍ አዳራሽ ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ሰሌዳውን ቦርድ ከማለት ገበታ ማለት ይቀናኛል። ከዚህ በኋላም እንዲሁ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። የአሳማው ጉዳይ ቀላል ነው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አይበላውም፤ ወጣ። አስቸጋሪው የበሬው ነው። ቤተሰቤ እንደ ብዙ የወሎ ቤተሰብ ድብልቅ ነው። በእናቴ በኩል ያሉት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፣ በአባቴ በኩል ኦርቶዶክሶች። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው በ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰሞን ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ነበሩና ይሄ እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ ነው። ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም የየራሱን ይበላል። ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን። ቅያሜ የለበትም። ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ ያሳርዳል። አራጁ ሙስሊም፣ ወጥ ሠሪዋ ሙስሊም፣ ድስቱና ጭልፋው ሳይቀር የራሳቸው ነው። ሙስሊም ሲድርም ለክርስቲያኖቹ ልክ እንዲሁ ያደርጋል።

ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው ገበታዎች ሥጋውን መሃል ያደርጉታል። በስሱ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ አበባ መስሎ ይቀመጣል። ፎርማጆውና ፍሬው ዙሪያውን ይከበዋል። ደሴ ላይ ይሄን ያደረገ ሰው ግማሹን እንግዳ አስቀየመ ማለት ነው። ሥጋውን አለመብላት ብቻ አይደለም ችግሩ። ሥጋው የነካው የወይን ፍሬም፣ ቢላው የነካው ፎርማጆም አይበላም። ሙሉው ገበታ ተዘጋ።

ስለዚህ ሥጋውን ከመሃል አወጣሁት። መሃሉ ላይ ሁሉም ሰው የሚበላው ነገር ብቻ ይቀመጣል። አይብ፣ ማር፣ አሳ፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ሥጋው በሁለት ትንንሽ ገበታዎች በግራና በቀኝ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቢላና የራሱ ሹካ አለው። የክርስቲያኖቹን እኔ አዘጋጃለሁ። የሙስሊሞቹን የኮምቦልቻዋ አክስቴ ከቤታቸው አዘጋጅተው፣ በራሳቸው ዕቃ ሸፍነው ያመጡታል። ሥጋው ጎን ሲሆን ገበታው ድሃ ይሆናል ብላችሁ እንዳትሰጉ። መሃሉ ስለሰፋ የማስገባው ነገር በዛልኝ።

ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ አሳው ነው። አሳ አይታረድም። የማን ቢላ ነካው የሚል ጥያቄ አይነሳበትም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሳህን ያነሳል። አሳችን ደግሞ ሩቅ አይደለም። በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ሐይቅ ትደርሳላችሁ። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ያ ውሃ ቆሮሶ ይሰጠናል። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። ፊሌቶ አድርገው ይሸጡላችኋል። ቀሪውን እሾህ ግን ራሳችሁ በጣት እየዳሰሳችሁ ልቀሙት፤ በእንዲህ ዓይነት ገበታ ላይ ሰው ወሬው ላይ እንጂ አሳው ላይ አያተኩርም።

አሳውን በወይራ ጭስ ነው የማዘጋጀው። እናቶቻችን የወተት ዕቃ በወይራ ያጥናሉ። ያ ሽታ ወተቱ ውስጥ ገብቶ እርጎውን እንዴት እንደሚያጣፍጠው የቀመሰ ያውቃል። አሳ ላይም ያው ነው። ፊሌቶውን ጨው አሽቼ ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀምጠዋለሁ። ጨው ውሃውን ስቦ ያወጣል፣ ሥጋው ይጠነክራል። ከዚያ ለቅለቅ አድርጌ በንጹሕ ጨርቅ አደርቀዋለሁ። ላዩ ደረቅ ብሎ ጣት ላይ ያዝ እስኪያደርግ ንፋስ ይመታዋል። ይሄን ደረጃ አትዝለሉት፤ እርጥብ አሳ ላይ ጭስ በደንብ አይያዝም፣ ጣዕሙም ይመራል። አሮጌ ብረት ድስት ታች የወይራ ስንጥር አነጥፋለሁ። ከላይ ፍርግርግ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ አሳው፣ ከዚያ ክዳኑ። ከሰል ላይ ተጥዶ ውጭ በረንዳ ላይ ይጨሳል። ቤት ውስጥ አይሞከርም። በሹካ ሲነካ በቀላሉ የሚላቀቅ ከሆነ በስሏል። ሲቀዘቅዝ በእጅ ይፈረካከሳል፣ የብርቱካን ጭማቂ ጠብ ይደረግበታል።

ሥጋው ቋንጣ ነው። ሌላ ነገር ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ጣሊያኖች በሎምባርዲያ ተራሮች ከበሬ ሥጋ ብሬዛዎላ ይሠራሉ፤ ቱርኮችና አርመኖች ባስቱርማ አላቸው። ሁሉም ጨውና ንፋስ ነው፣ ቅመሙ ብቻ ይለያያል። የእኛው ቋንጣ ከነሱ ተርታ የሚቆም ነገር ነው። ይሄን የምለው የኛ ስለሆነ አይደለም፤ አፌ ውስጥ ስላነጻጸርኩት ነው። ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን ሞርታዴላ ግን አላስገባም። ማን እንዳረደው ለእንግዳዬ መናገር የማልችለውን ሥጋ ማቅረብ ይከብደኛል።

ቋንጣ ላይ ወቅትና ቦታ ወሳኝ ናቸው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይከርማል፣ ልብስ እንኳን ሰንብቶ ነው የሚደርቀው። በዚያ ጊዜ ሥጋ ከሰቀላችሁ ይሸታል። በልግ ሲገባም ሰማዩ አይታመንም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ነው ደጉ። ኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ስትደርሱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። አየሩ ሞቃትና ደረቅ ነው። አክስቴ ቋንጣቸውን እዚያው ይሰቅላሉ። የኔን ደሴ ሰቅዬ የሚፈጀውን ጊዜ ስነግራቸው ይገርማቸዋል።

«አብሽሪ ልጄ፣» ይሉኛል፣ «ሥጋ የሚደርቀው በንፋስ እንጂ በፀሐይ አይደለም። ፀሐይ ላይ ካዋልሽው ላዩ ይከስልና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ጥላ ፈልጊለት።»

እውነታቸውን ነው። ላዩ ቶሎ ከደረቀ የውስጡ እርጥበት መውጫ ያጣል።

ሥጋውን ከታፋ ነው የምገዛው። ጮማ አይደርቅም፣ ይቆይና ይከረፋል። ስለዚህ ጮማው ተገፍፎ ይወጣል። ሥጋው በረጅሙ፣ በጣት ውፍረት ይዘለዘላል። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ኮረሪማና ሚጥሚጣ ይታሻል። ለፍርፍር ከሆነ ሚጥሚጣው ይብዛ። ለዚህ ገበታ ግን እቀንሰዋለሁ፤ ከማር ጋር ሊገናኝ ነውና ማሩን ማፈን የለበትም። ገመድ ላይ ሲሰቀል ዝልዝሎቹ እርስ በርስ አይነካኩም፣ ዝንብ እንዳይገባ በስስ ሻሽ ይሸፈናሉ። ሲታጠፍ ስንጥቅ ብሎ የማይበጠስ ከሆነ ደርሷል። ቋንጣውን ጥሬውን አላቀርብም። መድረቁ ብቻ የኮሶ ትልንም ሌላ ተህዋስንም ያጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም። 135 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ኦቭን 10 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠነክራል። ያኔ ጭረቱን ተከትላችሁ ሳይሆን አግድም በስሱ ክተፉት። በጭረቱ ከተቆረጠ ሽማግሌ ጥርስ አያላምጠውም።

አይብ ላይ የውጭ ፎርማጆ ካልሆነ የሚሉ ሰዎች አሉ። ፕሮቮሎን ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ትንሽ አስገባለሁ። ግን የገበሬ አይብ በወጉ ከተያዘ ምንም አይወጣለትም። ሰኞ ገበያ በኮባ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ውሰዱ። ትኩስ ከሆነ ሽታው የወተት ነው፣ ጣዕሙ ቀለል ያለ ኮምጣጣ። አይብ ከአሬራ ነው የሚሠራው። ቅቤው ወጥቶለታል፣ ስለዚህ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ገበታ ላይ ይዝረከረካል የምትሉት አጓቱ ስላልወጣ ነው። ጨው ጣል አድርጋችሁ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልሉት። ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ከላይ ከባድ ነገር ጫኑበትና ይደር። ጠዋት ላይ በቢላ የሚቆረጥ ጠንካራ ነገር ታገኛላችሁ። ግማሹን ጥቁር አዝሙድ ላይ አንከባልለዋለሁ። ግማሹን በደረቀ ኮሰረት። ኮሰረት የለመድነው ቅቤ ሲነጠር ነው። አይብ ላይ ግን ቅቤው ሲወጣ ያጣውን መዓዛ መልሶ ይሰጠዋል።

ጣፋጩ ጎን ከማር ይጀምራል። የላስታ ነጭ ማር ከተገኘ እሱን። ካልተገኘ የአካባቢውን ቀይ ማር፤ ብቻ በስኳር ያልተበረዘ ይሁን። ከነሰፈፉ ባገኝ ደግሞ ለውጥ የለውም። በቡና ሲኒ ቀድቼ መሃል አስቀምጠዋለሁ። ሲኒ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ አይገለበጥም፣ ማንኪያ ይይዛል፣ ቤት ውስጥም ሞልቷል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር አይቅመስ። ማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ባክቴሪያ የሕፃን አንጀት ላይ ከባድ መመረዝ ያመጣል። አያቶች ለሕፃን ማር ማላስ ስለሚወዱ በትሕትና መንገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጣፋጭ የዘይቱን ማርመላታ ነው። ዘይቱን የምለው ጓቫውን ነው። ወደ ኮምቦልቻና ሐርቡ አካባቢ ሲደርስ መዓዛው መንገዱን ይሞላዋል። ስፔኖች ኩዊንስ የሚባል ፍሬ ከስኳር ጋር አብስለው አጠንክረው ከፎርማጆ ጋር ይበላሉ። ብራዚሎች በጓቫ ያንኑ ያደርጋሉ። እኔ የወሰድኩት ከብራዚሎቹ ነው። የበሰለ ጓቫ ይቀቀላል፣ በወንፊት ታሽቶ ፍሬው ይወጣል። ከጓቫው ትንሽ ያነሰ ስኳርና የሎሚ ጭማቂ ተጨምሮ በቀስታ እሳት ላይ ይማሰላል። በማንኪያ ሲከፈል የድስቱ ቂጥ ከታየ በቃው። ዘይት የነካው ትሪ ላይ አፍስሱት። በማግስቱ በካሬ ካሬ ይቆረጣል። ከጨዋማው አይብ ጋር አንድ ላይ ስትጎርሱት ለምን ይሄን ያህል እንደለፋሁበት ይገባችኋል።

ጨውና ጣፋጭ ለምን እንደሚዋደዱ አንብቤ ተረድቻለሁ። ጨው መራራ ጣዕምን ያዳክማል፤ መራራው ሲቀንስ ጣፋጩ ጎልቶ ይወጣል። ኮምጣጣው ደግሞ ስቡን አፍ ላይ እንዳይለጠፍ ያነሳዋል። ወሎ ይሄን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ገጠር ቡናውን በጨው የሚጠጣው ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የረመዳን ማፍጠሪያም ቴምርና ሳምቡሳ ነው፤ አንዱ ጣፋጭ፣ አንዱ ጨዋማ፣ በአንድ ሳህን። ስለዚህ ቤተ ዘመዶቼ ማር የነካ ቋንጣ ሲያዩ የሚደነግጡት ለአፍታ ነው። ከቀመሱ በኋላ ክርክር የለም።

የሚያቃጥለው ነገር ሰናፍጭ ነው። ፈረንሳዮችም ከሥጋው ጎን ሰናፍጭ ያስቀምጣሉ። የእኛ ግን ተፈጭቶ ሲበጠበጥ አፍንጫን ሰንጥቆ የሚወጣ ነው። በሲኒ ሦስት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ በየሥጋው ገበታ አንዳንድ፣ መሃል አንድ። አዋዜም ይኖራል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ለውዝ የተቆላ፣ የገብስ ቆሎ፣ ሱፍ፣ ዳቦ ቆሎ። ቴምር በአይብና በለውዝ የተሞላ። ዘቢብ። ብርቱካን ቆዳው ተልጦ በክብ የተቆረጠ። በወቅቱ ኮክ። ጭኮ በትንንሹ ተድቦልቡሎ።

ድርቆሹ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ሰዎች ብስኩት ይገዛሉ። ድርቆሽ እያለ ለምን? እንጀራ ሳስቶ ተጋግሮ በደንብ ሲደርቅ ከማንም ብስኩት በላይ ይሰባበራል። ኮምጣጣነቱ ደግሞ ማርንም አሳንም ይቀበላል። ያደረ እንጀራ ሳይሆን ለዚሁ ብላችሁ ስስ አድርጋችሁ ጋግሩ። ሳይደርቅ በመቀስ በሦስት ማዕዘን ቁረጡት፣ ከዚያ በሞቀ ምጣድ ላይ እያገላበጣችሁ አድርቁት። አንድ ጠላት አለው፣ እሱም እርጥበት። የደሴ ጉም ሲገባ ወዲያው ይለሰልሳል። ክዳን ባለው ዕቃ አቆዩትና እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ አውጡት።

አደራደሩ ላይ ብዙ ሕግ የለኝም። ገበታዬ ከዋንዛ የተሠራ ነው፤ ጽድ ሽታ ስላለው ለምግብ አልወደውም። መጀመሪያ ሲኒዎቹ ይቀመጣሉ፤ ቦታቸው ከተያዘ በኋላ ሌላው ይገጥማል። ከዚያ አይቡ ይገባል፣ በሌላኛው ጫፍ አሳው። ሁለቱን አላነካካም፤ አይብ ሽታ ይስባል። እርጥብ ፍሬ ከደረቁ ይራቅ። በመጨረሻ ቀዳዳው ሁሉ በለውዝና በቆሎ ይሞላል። ባዶ ቦታ እንዳይታይ አደርጋለሁ፤ እንግዳ ገበታው ሙሉ ሲሆን እጁን ለመዘርጋት አይሳቀቅም። መጠኑን ለሚጠይቀኝ ለአንድ ሰው ሥጋው 50 ወይም 60 ግራም ይበቃል፣ አይቡም እንዲሁ። ከዚያ በላይ መቁረጥ ማባከን ነው። አይቡ ከፍሪጅ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ጣዕሙ ይወጣል። ከ2 ሰዓት በላይ ግን አይብም አሳም ውጭ አይቆይም፣ ብርድ ነው ብላችሁ ደሴንም አትመኗት።

መቼ ይቅረብ? ይሄ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ምሳ አይደለም። እራትም አይደለም። ወሎ ላይ እንጀራና ወጥ ያልቀረበለት እንግዳ በላሁ ብሎ አይወጣም፤ ይሄንንም ልንለውጠው አይገባም። አክስቴ መጀመሪያ ሲያዩት «ይሄ ጥሩ ነው፣ ምግቡስ?» ነበር ያሉኝ። ትክክል ነበሩ። ቦታው ቡና ላይ ነው። ቡና ቁርስ ነው ይሄ፤ ቆሎና ፈንዲሻ ይቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ ገብቶ የተስፋፋ ቡና ቁርስ። ምሳ ተበልቷል፣ እጅ ተታጥቧል፣ ዕጣን ጨሷል። አቦል ሲቀዳ ገበታው ይመጣል። ማንም አልራበውም፣ ማንም አይጣደፍም። በረካ እስኪደርስ ሰው ይቀማምሳል። አሳው ይወደሳል፣ ከሰናፍጩ የተነሳ አንዱ ዓይኑን ያብሳል። የሚጠጣው ብርዝ ወይም ቀሪቦ ነው። ሁለቱም አያሰክሩምና መሃሉ የሁሉም የሚለው ነገር መጠጡም ላይ ይጸናል።

ጾም ሲሆን ገበታው ይቀየራል እንጂ አይቀርም። ረቡዕና ዓርብ፣ ከበዓለ ሃምሳው ወቅት በስተቀር፣ አይቡ ከመሃል ይወጣል። አሳውም ይወጣል፤ በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ አላከራክርበትም። በምትካቸው እልበት፣ ስልጆና አዚፋ በሲኒ ይገባሉ። ስልጆ ከባቄላና ከሰናፍጭ ተቦክቶ የሚሠራ ነው። ኮምጣጣም የሚያቃጥልም ስለሆነ የአይቡን ቦታ ብቻውን ይሞላል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ ደግሞ በለስ ደርሷል። ቆዳው ተገፎ የቀዘቀዘ በለስ ከስልጆ ጋር ሞክሩት። ክረምት ስለሆነ ቋንጣ አይሰቀልም፤ ጾሙም ስለሆነ አይፈለግም።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ያን ጊዜ የሠራሁትን ገበታ ከሁሉም እወደዋለሁ። የጎን ሥጋ የለም። ሁሉም ነገር መሃል ነው። ቴምር፣ የምስር ሳምቡሳ፣ እልበት፣ ስልጆ፣ ለውዝ፣ ብርቱካን፣ የዘይቱን ማርመላታ፣ ድርቆሽ። ማሩን ግን በጾም የማይበሉ ስላሉ ከሌላው ነገር ሳይነካካ ለብቻው በሲኒ አኖርኩት። መግሪብ አዛን ሲሰማ አክስቴና ልጆቻቸው ቴምር አነሱ። እኛም ከቅዳሴ መልስ ጀምሮ ምንም ስላልቀመስን አብረን አነሳን። ሁለት ቢላም ሁለት ሰሌዳም አላስፈለገም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጾሞች የሚገጥሙበትን ዓመት በጉጉት ነው የምጠብቀው። በ2018ም ገጥመዋል፤ ያኔም ያንኑ ነው ያዘጋጀሁት።

የተረፈውን አትጣሉ። የአክስቴ ሥጋ በራሳቸው ዕቃ አብሯቸው ወደ ኮምቦልቻ ይመለሳል። ፍራፍሬው ለልጆች ነው። አይቡ በማግስቱ ከጎመን ጋር ይበላል። ማርመላታው ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። የኔ ቋንጣና የተረፈው ድርቆሽ ደግሞ ለቁርስ ይገናኛሉ። ሽንኩርት በደንብ ይቁላላ፣ በርበሬና ንጥር ቅቤ ይግባ፣ ቋንጣው በትንሽ ውሃ እስኪለሰልስ ይንተክተክ። ድርቆሹን መጨረሻ ላይ ጨምሩና ቶሎ አውርዱት። ብዙ ከቆየ ይላሽቃል፤ ጥቂቱ ኮርሸም እያለ ቢቀር ነው የሚጥመው።